ቀልድና መታሰቢያ በአንድ መድረክ፦ ከጅማ ለደረሰን ደብዳቤ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣

በጅማ ከተማ አንድ የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንደሚያስተዳድሩና በመጪው ኅዳር በአንድ ምሽት ሦስት ዓይነት የሙዚቃ ዝግጅት ለማቅረብ እንዳሰቡ የገለጹበት ደብዳቤ ደርሶኛል። በዕቅድዎ መሠረት መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ የያዘ የባህል ቡድን ይከፍታል፤ ቀጥሎ የጥላሁን ገሠሠንና የዓሊ ቢራን ዘፈኖች በመታሰቢያነት የሚጫወት የወጣቶች ባንድ ይወጣል፤ መዝጊያው ላይ ደግሞ የታወቁ ዘፈኖችን ግጥም እየለወጡ በኦርጋን ታጅበው የሚያስቁ ሁለት ኮሜዲያን ይቀርባሉ። አባትዎ ይህን ሲሰሙ «ሙት በሚዘከርበት መድረክ ላይ ቀልድ ነውር ነው» ማለታቸውን፣ የባንዱ ልጆችም ከኮሜዲያኑ ጋር በአንድ ፖስተር ላይ መታየት እንዳልወደዱ ጽፈዋል። ዝግጅቱን ለሦስት ሳምንት ከፋፍለው ያቅርቡት ወይስ እንዳሰቡት በአንድ ቀን ይሁን የሚለው ዋናው ጥያቄዎ ሲሆን፣ የቲኬቱንም ነገር አክለው ጠይቀዋል።

ምላሼን አስቀድሜ ልንገርዎት። ዝግጅቱን አይከፋፍሉት፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ይለውጡት፣ ሰዓቱን ወደ ቀን ይሳቡት፣ ከኮሜዲያኑም ጋር ከመድረክ በፊት በግልጽ ይነጋገሩ። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ የአባትዎም የባንዱም ቅሬታ በአብዛኛው የሚፈታ ይመስለኛል።

አባትዎ የተናገሩትን እንደ አሮጌ ሰው ማጉረምረም አድርገው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። ጥላሁን ገሠሠ ለእርሳቸው ትውልድ የሬዲዮ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ወጣትነታቸው፣ ሠርጋቸው፣ ምናልባትም ሐዘናቸው በእርሱ ዘፈን ተሳስሮ የቀረ ነው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ አገሩ በሙሉ እንደ ቤተ ዘመድ አልቅሶታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከዘከሩ በኋላ ወዲያው ሳቅ መጠየቅ አድማጩን ገና ሐዘኑ ሳይወጣለት ማንገላታት ነው። ስለዚህ አባትዎ በቅደም ተከተሉ ላይ ልክ ናቸው። ሆኖም ጨዋታና ዝክር በአንድ ቀን ሊገናኙ አይገባም የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም፤ ባህላችን ራሱ ሲለያያቸው አልኖረምና። አንድ አዝማሪ በአንድ ሌሊት፣ በአንዲት መሰንቆ፣ የአገሩን ወንዝና ተራራ ያወሳል፣ የሞተ ጀግና ያነሣል፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውንም ጌታ በቅኔ ሸንቆጥ አድርጎ ቤቱን በሳቅ ያናጋል። ሐዘን ቤትም ቢሆን ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ጎረቤት የሚመጣው ሐዘንተኛውን ሊያጫውት ነው፤ የሟቹ ደግነት ሲነሣ የሟቹ ቀልድም አብሮ ይነሣል። እንግዲህ የእርስዎ ሦስት ክፍሎች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ የሚቀረው እያንዳንዱ ተራውን አውቆ እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

ተራውም እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ፦ የባህል ቡድኑ ይክፈት፣ ኮሜዲያኑ ይከተሉ፣ ረዘም ያለ ዕረፍት ይሁን፣ ከዚያም መታሰቢያው ምሽቱን ይዝጋ። ስቆ የጨረሰ ሰው ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ይችላል፤ እንዲያውም ሳቅ ሰውን ያላቅቀዋልና ከጎኑ ከተቀመጠው እንግዳ ሰው ጋር አብሮ ለማዜም አያፍርም። በትዝታ የተያዘን ሰው ግን ወደ ሳቅ መጎተት ለእርሱም ለኮሜዲያኑም ከባድ ነው። ኮሜዲያኑ ዝነኛ ስለሆኑ መዝጋት ይገባቸዋል የሚል ክርክር ቢነሣ፣ ሕዝቡ ገና ባልደከመበትና አዳራሹ ሙሉ በሆነበት ሰዓት መውጣት ለቀልድ ከማንም በላይ እንደሚጠቅመው ያስረዷቸው።

በዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። መታሰቢያውን ከሁሉ በላይ የሚወዱት አዛውንቶች ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ከተደረገና ዝግጅቱ እንዳሰቡት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከተጀመረ ዋናው ነገር ሳይደርስ እነርሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ባጃጅ እየጠፋ በሄደበት ሰዓት አንዲት እናት ከአዳራሽ ወጥታ መንገድ ዳር እንድትቆም ማድረግም ተገቢ አይደለም። ስለዚህ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምሩ። ይህ ሰዓት በጅማ ሌላም ጥቅም አለው። በከተማዎ ሙስሊሙ ብዙ እንደ መሆኑ የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ሰው ተረጋግቶ ይመጣል፤ በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓትን ጥቂት አልፋ ነውና ረዥሙን ዕረፍት ልክ በመግሪብ ላይ ካደረጉት፣ የሚሰግደው ሰግዶ፣ የማይሰግደው ቡናውን ጠጥቶ፣ ሁሉም እኩል ለመታሰቢያው ይቀመጣል። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የተጀመረ መታሰቢያ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ያልቃል።

ቀኑንም ሲመርጡ የጾመ ነቢያትን መግቢያ ኅዳር 15ን ያስቡ። ኦርቶዶክሱ ጾም ከገባ በኋላ ዘፈን ወዳለበት መሄድ የማይወድ ብዙ ነውና፣ ከዚያ በፊት ካሉት እሑዶች አንዱ ይሻላል። ዓሊ ቢራ ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለሆነ የኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከሙት ዓመቱ ጋር ይቀራረባል፤ ይህንንም በመክፈቻው ላይ ማውሳት ይቻላል። ወቅቱ የቡና ለቀማ ጊዜ መሆኑ ከወረዳ የሚመጣውን ሰው ሥራ ሊያስይዘው ቢችልም፣ እሑድ ከሰዓት ለአብዛኛው የሚመች ይመስለኛል። ዝናቡም በዚያ ጊዜ ቀለል ይላል። ይህን የማነሣው የአዳራሽዎ ጣሪያ ቆርቆሮ መሆኑን ስለጻፉልኝ ነው፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከበሮ ሊያሸንፈው ይችል ይሆናል እንጂ የኮሜዲያን ቃል ፈጽሞ አይሰማም። ቀልድ ደግሞ አንድ ቃል ካመለጠ አለቀለት።

ስለ ባህል ቡድኑ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ስለሰጧቸውና እንደ ሰዓት ማሟያ የታዩ ስለመሰለኝ ነው። መሰንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው፣ ጅማቱም ሆነ መምቻው ደጋን ከፈረስ ጭራ የሚሠራ፣ ድምፁ ከሰው ጉሮሮ ጋር እጅግ የሚቀራረብ መሣሪያ ነው። ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ለኦርጋንና ለጊታር የተዘጋጀ የድምፅ መሣሪያ ፊት ሲቀርብ፣ ባለሙያው ድምፁን ለማጉላት ሲሞክር ሞኒተሩ፣ ማለትም ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ፣ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ አዝማሪው ራሱን መስማት ያቅተውና ከቅኝቱ ይወጣል። ስለዚህ ለመሰንቆው ትንሽዬ ማይክሮፎን ከድምፅ ሳጥኑ አጠገብ ትታሰርለት፣ የሞኒተሩም ድምፅ ዝቅ ይበል። የመሰንቆና የከበሮ ቆዳ በእርጥብ አየር እንደሚላላ ያውቃሉ፤ ጅማ ደግሞ እርጥበት አያጣትም። ተጫዋቾቹ ከመውጣታቸው በፊት መሣሪያቸውን የሚያሞቁበት ቦታ ይፈልጋሉና ከመድረክ ጀርባ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አየር በሚያገኝ ስፍራ፣ እንዲዘጋጅላቸው ያድርጉ። ለመቃኛም በቂ ጊዜ ይስጧቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አቃቃኝ አላቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ ክራሩ እንደገና ይቃኛል፣ ያም ዝምታ ለተመልካች አሰልቺ ጊዜ እንዳይሆን ዋሽንቱ ብቻውን እንዲሞላው ይነጋገሩ።

ከባህሉ ክፍል የማይቀር ነው የምለው «ተቀበል» ነው። አድማጩ ከመቀመጫው ሆኖ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ቃሉን ሳያዛባ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ለምሳሌ አንድ የቡና ነጋዴ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እንዲህ ቢል፦

ቡናው ቀልቶ ሳለ ለቃሚው ቢተኛ፣
ጦጣ ወረደችው ሆና ሰርገኛ።

አዝማሪው የመጀመሪያዋን መስመር እንደ ሐዘን አሳስቦ ያዜማታል፣ ሁለተኛዋን ግን በመሰንቆው ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰባት ቆይቶ በመጨረሻ «ሰርገኛ» ላይ ይለቃታል፤ ቤቱ የሚስቀው ያን ጊዜ ነው። የኮሜዲያኑ ሥራ ሥር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የባህል ቡድኑን ክፍል በ«ተቀበል» ካበቁት ወደ ቀልዱ የሚደረገው ሽግግር ምንም መግቢያ አያስፈልገውም። ግጥም ለሚሰጡት ሰዎች አንድ ገመድ አልባ ማይክሮፎን ይዞ በረድፎቹ መካከል የሚመላለስ አስተዋይ ወጣት ይመድቡ፤ ማይክሮፎኑን ከእጁ እንዳይለቅም ይንገሩት፤ አንዳንድ ሰው ከያዘው አይመልሰውምና።

ሽልማትን በሚመለከት፣ ተመልካች መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባር ላይ ብር መለጠፉ በአዝማሪ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ይፈቀድ። በመታሰቢያው ጊዜ ግን ማንም መድረክ ላይ እንዳይወጣ አስተዋዋቂው አስቀድሞ በትሕትና ያሳውቅ። ለባህል ቡድኑ የሚከፈለውን ሲዋዋሉም ሽልማቱን ከክፍያው እንዳይቀንሱባቸው አደራ እላለሁ። ሽልማት የተጫዋቹ ነው፤ የአዳራሹ ገቢ አይደለም።

ጅማ የብዙ ሕዝብ ከተማ መሆኗንም በዚህ ክፍል ማሳየት ይቻላል። ጌራርሳ የተባለውን የኦሮሞ የጀግንነት ዜማ የሚያውቅ የአካባቢው ሽማግሌ ካገኙ፣ ያለ መሣሪያ፣ በአንድ ድምፅ ብቻ፣ መድረኩን ቢከፍት ከማንኛውም የመብራት ጨዋታ ይልቅ ሕዝቡን ጸጥ ያሰኛል። ከዳውሮ ዲንካ የተባለውን ረዥም የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎች የሚመጡልዎት ከሆነ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ አያስገቧቸው፤ ረጃጅሞቹ ዲንካዎች ለሜዳ የተሠሩ ናቸው፣ እያንዳንዱ ነፊም የየራሱን ድምፅ እየጣለ ነው ዜማው የሚገጠመው። ደጃፍ ላይ ቆመው እንግዳ ቢቀበሉ ቲኬት ያልገዛውም መንገደኛ ይሰማቸዋል። መንዙማን ግን፣ ጅማ ምንም ያህል ብትወደው፣ ከቀልድና ከዘፈን ጋር በአንድ መርሐ ግብር ላይ አያስገቡ። እርሱ የራሱ ክብርና የራሱ ጉባኤ ያለው ነው።

ወደ መታሰቢያው ልምጣ። ወጣቶቹ የጥላሁንን ድምፅ ለመምሰል እንደሚለማመዱ በኩራት ጽፈዋል። እዚህ ላይ በጥብቅ ልመክርዎ እወዳለሁ፦ አይምሰሉት። የአንድን ታላቅ ድምፃዊ ንዝረትና አተነፋፈስ መቅዳት በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ማስደነቅ ብቻ ነው፣ በደካማ ሁኔታ ከተሠራ ደግሞ ሳይታሰብ ወደ ኮሜዲ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የአባትዎ ስጋት ኮሜዲያኑ ሳይሆኑ ባንዱ ራሱ ይፈጽመዋል። ዜማውን ጠብቀው፣ ግጥሙን ሳያጎድሉ፣ በገዛ ድምፃቸው ይዝፈኑ። ግጥሙን ከተለያዩ ቅጂዎች አዳምጠው በወረቀት ላይ ይጻፉትና ቃል በቃል ያመሳክሩት፤ አዳራሹ ውስጥ እያንዳንዱን ስንኝ በቃሉ የሚያውቅ ሰው መኖሩ የማይቀር ነው።

በዘፈኖቹ መካከል የሚነገረው አጭርና እውነተኛ ይሁን። ጥላሁን ልጅነቱን ያሳለፈው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወሊሶ መሆኑን፣ በሀገር ፍቅር ጀምሮ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ መግነኑን፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛም መዝፈኑን መናገር በቂ ነው። ዓሊ ቢራም በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ተነሥቶ የኦሮምኛን ዘፈን ወደ ታላላቅ መድረኮች ያወጣ፣ ከኦሮምኛ በተጨማሪ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ የተጫወተ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ምሽት ማቅረብዎን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ለጅማ የሚስማማ ምርጫ ነው። አስተዋዋቂዎም ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ይሁን፤ አንዱን ቋንቋ ለይስሙላ ብቻ ሰላምታ ላይ ጣል አድርጎ መሄድ ሰውን ያስቀይማል።

አንድ ሐሳብ ልጨምርልዎ። በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ ጅማም የከፋ ክፍለ ሀገር መዲና ነበረች። በዚያ ጊዜ ጊታር ይመቱ፣ ሳክስፎን ይነፉ፣ ይወዛወዙ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በከተማዎ ውስጥ ሱቅ ከፍተው ወይም ጡረታ ወጥተው በጸጥታ የሚኖሩ ይኖራሉ። ፈልገው ያግኟቸው። ፊት ረድፍ ላይ ያስቀምጧቸው፣ ፈቃደኛ የሆነም ካለ አንድ ዘፈን አብሮ ይጫወት። ማህሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ሕዝቡ ምስጋናውን በዐይኑ እያየው ነው የሰጠው። ክብር በሕይወት ላለ ሰው ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያምር ያን ጊዜ ታይቷል፤ ለእነዚህ የከተማዎ ሰዎችም በትንሹ ማድረስ በእጅዎ ነው።

የፈቃዱን ነገር በደብዳቤዎ አላነሡትም፤ ሊታለፍ ግን አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996ና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 872/2007 መሠረት፣ ሥራን በአደባባይ ማቅረብ የሥራው አመንጪ መብት ነው፤ መብቱም አመንጪው በሕይወት ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ብዙ አዘጋጆች የሚስቱት ድምፃዊውን ብቻ የዘፈኑ ባለቤት አድርገው ማሰባቸው ነው። የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ሌሎች ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የድምፃዊውን ቤተሰብ ማስፈቀድ ብቻውን አይበቃም። የሚጫወቷቸውን ዘፈኖች ከወዲሁ ዘርዝረው የእያንዳንዱን ገጣሚና ዜማ ደራሲ ይለዩ፤ ቲኬት ሸጠው ትርፍ የሚያገኙበት ዝግጅት እንደ መሆኑ ይህን ለነገ አይበሉት። ሕጉ አመንጪው ሥራው ክብሩን በሚነካ መልኩ እንዳይዛባበት የመቃወም መብትም ይሰጠዋል፤ ይህ ደግሞ በቀጥታ ኮሜዲያኑን ይመለከታል።

ከኮሜዲያኑ ጋር ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ የመጀመሪያው ስምምነት በመታሰቢያው ላይ የሚቀርቡትን ዘፈኖች ግጥም እንዳይለውጡ ነው። የዘፈኖቹን ዝርዝር በእጃቸው ይስጧቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዕንባ የሚሰማው ዜማ አስቀድሞ በቀልድ ቃል ከተበከለ፣ አድማጩ ያንን ቃል ከጆሮው ማውጣት አይችልም፤ ባንዱ በአንድ ፖስተር ላይ አብሮ መታየትን የጠላውም ይህንን ፈርቶ ይመስለኛል። ሁለተኛው ስምምነት በአነጋገር ዘይቤ ላይ ነው። የገጠር ሰውን ወይም የአንድ ብሔረሰብን አማርኛ እየኮረጁ ማሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእርስዎ አዳራሽ ውስጥ ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌውና አማራው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ከመካከላቸውም አንዱ በገንዘቡ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ መውጣት የለበትም። የኑሮ ውድነቱ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ክርክር፣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት፣ የቡና ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ የሚታየው የሰው ጠባይ፣ ይህ ሁሉ ማንንም ሳያቆስል ያስቃል። ደረጀና ሀብቴ፣ አለባቸውና ልመነህ ሕዝብ ልብ ውስጥ የገቡት ሰው የራሱን ቤት በእነርሱ ውስጥ ስላየ ነው። ዝግጅታቸውን ቀድመው ያዳምጡ፤ ይህ ሳንሱር ሳይሆን ቤትዎን እንግዳ ከመግባቱ በፊት ማወቅ ነው። ሰዓታቸውም ከ40 ደቂቃ አይለፍ። ጄኔሬተሩም ከመጀመሪያው ደቂቃ ተዘጋጅቶ ይቁም፤ የባህል ቡድኑ መብራት ቢጠፋም መጫወቱን ይቀጥላል፣ በኦርጋን የታጀበ ቀልድ ግን እዚያው ይቀራል።

በመጨረሻ ስለ ፖስተሩና ስለ ቲኬቱ። የጥላሁንንና የዓሊን ፎቶግራፍ ትልቅ አድርጎ የባንዱን ስም ከሥር በደቂቅ ፊደል መጻፍ ገዥን ያሳስታል፤ የሚጫወተው ማን እንደሆነ በጉልህ ይጻፍ፣ «መታሰቢያ» የሚለውም ቃል አብሮ ይውጣ። ሦስቱ ክፍሎች የሚጀምሩበት ሰዓት በየራሱ መስመር ይቀመጥ፤ የባንዱ ልጆች ከኮሜዲያኑ ጋር ተደባልቀው መታየቱ ካሳሰባቸው በመሐከል ያለው ዕረፍት ራሱ በፖስተሩ ላይ ይለያቸዋል። ቲኬቱ ለሙሉው ዝግጅት አንድ ይሁን፤ ነገር ግን ለመታሰቢያው ብቻ መምጣት ለሚፈልጉ ሰዎች ከ12 ሰዓት በኋላ የሚያስገባ፣ ዋጋው በግማሽ የቀነሰ ሌላ ቲኬት ያዘጋጁ። ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ረድፍ ከመሐል አስቀድመው ይያዙላቸው፤ ዘግይተው ሲገቡ በጨለማ ወንበር ፍለጋ እንዳይንገላቱ ነው።